አጭር ቀን፣ ለስላሳ ብርድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ያነሣኋቸው እጮኛሞች ነበሩ፤ ፎቷቸውን ዛሬም ከፍቼ ባየሁት ቁጥር መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው በልጅቷ ክንድ ላይ ነው። ቀሚሷ ስስ፣ እጅጌ የሌለው፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። ከኋላቸው ለምለም ሣር አለ፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ፀሐይዋም ደምቃለች፤ ፎቶውን በሩቁ ላየ ሰው የጸደይ ቀን ይመስለዋል። አጉልቶ ለተመለከተው ግን የክንዷ ጠጉር ቆሟል፣ ቆዳዋ ሻክሯል፣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ተስቦ አንገቷን አሳጥሮታል። እጮኛዋም ፈገግ ያለ ይመስላል እንጂ ጥርሱን ነክሶ ነው። የዚያን ቀን ሙቀቱ 11 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። «ብርዱ እንዳይታወቅ እናድርግ» ብዬ ካፖርታቸውን ያስወለቅኳቸው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእነርሱም የአየሩም አልነበረም።

ክረምት የሚለው ቃል በአማርኛ ዝናብንና ጭቃን ይዞ ስለሚመጣ፣ እዚህ የምጽፈው ስለ ብርድ ወቅት መሆኑን አስቀድሜ መናገር ይኖርብኛል። ብርዱም ቢሆን በረዶ የሚቆለልበት ሳይሆን ለዘብ ያለው ነው። የአየር ንብረት ሊቁ ቭላዲሚር ኮፐን ዓለምን በአየር ጠባይዋ ሲከፋፍል፣ እጅግ ቀዝቃዛው ወር በአማካይ ከ18 ዲግሪ በታች የሚሆንበትን ነገር ግን ከዜሮ በታች ከ3 ዲግሪ የማያልፍበትን፣ በረሃማ ያልሆነ አገር በአንድ ምድብ አስቀምጦታል። በዚህ ሰፊ ምድብ ውስጥ የሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻዎች፣ የካሊፎርኒያ ጠረፍ፣ መካከለኛው ቺሊ፣ የደቡብ አፍሪካ የኬፕ አካባቢና ደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ አንድ የሚጋሩት ጠባይ አለ፤ ዝናባቸው በአብዛኛው የሚጥለው በብርዱ ወራት ነው። ስለዚህ በሙቀቱ ወራት ቢጫ ሆኖ የሚደርቀው ሣር በብርዱ ለምልሞ ይገኛል። እኔን ያታለለኝም ይኸው ዓይነቱ ልምላሜ ነው፤ መሬቱ ጸደይ ሲመስለኝ ሰዎቹንም ጸደይ ለማስመሰል ተነሣሁ።

ብርዱን የሚፈራ ፎቶ አንሺ የሚፈራው መፍራት የማይገባውን ነገር ይመስለኛል። ካፖርት የደረበ ሰው በ11 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ያለ ችግር ይራመዳል። የሚያጥረው ቀኑ ነው። በ35 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ፣ ማለትም ከምድር ወገብ 35 ዲግሪ ርቆ በሚገኝ ቦታ፣ በዓመቱ አጭር ቀን ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ያለው ጊዜ 10 ሰዓት አይሞላም፤ ረጅሙ ቀን ግን ወደ 14 ሰዓት ተኩል ይደርሳል። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ አጭሩ ቀን ታኅሣሥ 12 ገደማ መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው ፀሐይ በጣም ቀድማ የምትጠልቀው በዚያ ቀን አለመሆኑን ነው። በዚሁ ኬክሮስ ላይ ፀሐይ ከሁሉ ቀድማ የምትገባው ከአጭሩ ቀን ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ምክንያቱም ምድር በዚያ ወቅት ወደ ፀሐይ ይበልጥ ቀርባ ፈጠን ብላ ስለምትጓዝና ዘንጓም ያጋደለ ስለሆነ፣ ፀሐይ ሰማይ መሀል የምትደርስበት ጊዜ በየቀኑ እስከ ግማሽ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል፤ መጥለቂያዋም ያንን ተከትሎ ይገፋል። ይህን ለማወቅ የተገደድኩት፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ «አጭሩ ቀን ገና ነው» ብዬ ቀጠሮ አዘግይቼ፣ ሁለት ሰዎችን አስውቤ ካቆምኩ በኋላ ብርሃኑ ከእጄ ሲያመልጥ ነው።

ቀኑ በማጠሩ ያጣነውን፣ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በመጓዟ በከፊል እንካሳለን። በዚያው በ35 ዲግሪ ኬክሮስ፣ በአጭሩ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ 32 ዲግሪ እንኳ ከፍ አትልም፤ በረጅሙ ቀን ግን 78 ዲግሪ ትወጣለች። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው በሙቀቱ ወር እኩለ ቀን ላይ ቢቆም ጥላው 35 ሳንቲሜትር ያህል ሆኖ እግሩ ሥር ይከማቻል፤ በብርዱ ወር ያው ሰው በዚያው ሰዓት ቢቆም ጥላው ወደ 2 ሜትር ከ75 ተዘርግቶ ይተኛል። ለፎቶ አንሺ በእነዚህ ሁለት ጥላዎች መካከል ያለው ልዩነት የፊት ልዩነት ነው። ብርሃን ከአናት ሲወርድ ቅንድብ በዓይን ላይ፣ አፍንጫም በከንፈር ላይ ጥላ ይጥላሉ፤ የሰው ዓይን ሁለት ጉድጓድ ይመስላል። ከጎን ሲመጣ ግን ጉንጭን ይዳስሳል፣ ዓይን ውስጥ ገብቶ ያበራል፣ የሹራብን ክር አንድ በአንድ ያወጣል። በሙቀቱ ወራት ከረፋድ እስከ አሥር ሰዓት ካሜራዬን ከቦርሳ ማውጣት አልወድም፤ በብርዱ ግን እኩለ ቀን ላይ እንኳ ሥራ ይሠራል።

ወርቃማው ሰዓት የምንለው፣ ፀሐይዋ ከአድማስ 6 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ካለችበት እስክትጠልቅ ያለው ጊዜ፣ በዚህ ወቅትና በዚህ ኬክሮስ ወደ 40 ደቂቃ ይቆያል። በምድር ወገብ አካባቢ ጀምበር ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ያው ብርሃን ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ከወገቡ ስንርቅ ግን አግድም እየተንሸራተተች ስለምትወርድ ትንሽ ታዘገይልናለች። ይህ ስሌት ግን የሚሠራው አድማሱ ሜዳ ከሆነ ብቻ ነው። ፀሐይዋ 10 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስትሆን አንድ 20 ሜትር ቁመት ያለው ሕንፃ ከ110 ሜትር የሚበልጥ ጥላ ይጥላል፤ ኮረብታ ካለማ ጀምበር ከስልካችን ሰዓት ቀድማ ጠለቀች ማለት ነው። ስለዚህ ቦታውን ከአንድ ቀን በፊት በዚያው ሰዓት ሄጄ ካላየሁ ቀጠሮ አልይዝም። ጠዋት አይቶ ለማታ መቅጠር ከንቱ ነው።

ስለ ቀለም ጥቂት ልበል። የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ፣ ዝቅ ሲል ወደ ቀይ ያደላል። የእኩለ ቀን ፀሐይ ብርሃን 5500 አካባቢ ነው፤ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ያለ ጥላ 7000 አልፎ 8000 ሊደርስ ይችላል፤ ልትጠልቅ ያለች ፀሐይ ብርሃን ደግሞ ወደ 3000 ዝቅ ይላል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ የአየር ሞለኪውሎች ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ አብልጠው ይበትኑታል፤ ዝቅ ያለች ፀሐይም ብዙ አየር አቋርጣ ስለምትመጣ ሰማያዊው በመንገድ ይቀርና ቀዩ ይደርሰናል። የተበተነው ሰማያዊ ደግሞ የሚያርፈው ጥላው ውስጥ ነው። በብርድ ወቅት ረጃጅም ጥላ በየቦታው ስለሚዘረጋ፣ ከእጮኛሞቹ አንዱ ፀሐይ ላይ፣ ሌላው በግማሽ እርምጃ ርቀት ጥላ ውስጥ ሆኖ ይገኛል፤ ፎቶው ላይ አንዱ ብርቱካን፣ ሌላው ቆፈን የያዘው ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ካሜራው ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም የቀለም ሚዛኑን፣ በራሱ እንዲመርጥ ከተተወ ሁለቱንም ለማስታረቅ ሲል ሁለቱንም ያበላሻል። መድኃኒቱ ሁለቱንም ወደ አንድ ወገን ማምጣት ነው እንጂ በኋላ ኮምፒውተር ላይ የሚቃና ነገር አይደለም። የካሜራው የብርሃን መለኪያም ዓለምን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ እሷ ነጭ ሹራብ ለብሳ እሱ ጥቁር ካፖርት ከደረበ የማንን ፊት ማመን እንዳለበት አያውቅም። እኔ የምለካው ፊትን ነው፤ ልብሱ የሆነውን ይሁን።

ዝቅ ያለች ፀሐይ አንድ ሌላ መዘዝ አላት፤ ፊት ለፊት ስትመጣ ዓይን ታስጨፍናለች። ፈረንሳዊው ሐኪም ጊዮም ዱሼን እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው ጥናት፣ ከልብ የሚመነጭ ፈገግታ ከንፈርን ብቻ ሳይሆን በዓይን ዙሪያ ያለውን ጡንቻም እንደሚያንቀሳቅስ፣ ይህኛው ጡንቻ ደግሞ ለፈቃድ በቀላሉ እንደማይታዘዝ አመልክቷል። ፀሐይ ያጥበረበረው ሰውም የሚጨብጠው ያንኑ ጡንቻ ነው። ስለዚህ በትንሹ የካሜራ ስክሪን ላይ ሰዎቹ ከልባቸው የሚስቁ መስለውኝ «በጣም ቆንጆ!» እያልኩ ስቀጥል ቆይቼ፣ ቤት ገብቼ በትልቁ ሳየው ዓይናቸው ስቆ አፋቸው እንደ በር የተዘጋባቸውን ፎቶዎች በብዛት አግኝቻለሁ። አሁን ፀሐይዋን ከኋላቸው ወይም ከጎናቸው አደርጋታለሁ። ከኋላ ስትሆን ጠጉራቸው ዙሪያ የብርሃን ክር ትፈትላለች፤ ፊታቸው ስለሚጨልም ረዳቴ ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ነጭ ሪፍሌክተር ዝቅ አድርጎ ይይዛል፣ ሌንሱም ላይ ፀሐይ እንዳትረጭ በእጄ እጋርዳለሁ። የግድ ፊት ለፊት ካስፈለገች ዓይናቸውን አስጨፍኜ ሦስት እቆጥራለሁ፤ ሲገልጡት ከአንድ ሰኮንድ በታች የሆነች የተከፈተ ዓይን ጊዜ አለች።

ከዚያ የሮዝ ቀሚስ ቀን በኋላ ሰዎችን ካፖርት ማስወለቅ ተውኩ። ይህን ስተው የገባኝ ነገር፣ ለዘብ ያለ ብርድ ከእኔ የተሻለ አቀናባሪ መሆኑ ነው። በሙቀት ወቅት ሁለት ሰዎችን «ቀረብ በሉ፣ እጅሽን እዚህ አድርጊ፣ አንተ ወደ እሷ ዘንበል» ስል እውላለሁ፤ ይታዘዙኛል፣ ግን መታዘዛቸው ፎቶው ላይ ይታያል። ብርድ ያለበት ቀን ግን ሳላዛቸው ይጠጋጋሉ። እሷ ሳታስበው እጇን ብብቱ ሥር ትከታለች፤ እሱ መዳፏን ይዞ ይተነፍስበታል። ሙቀቱ 7 ዲግሪ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን የሚወጣው ትንፋሽ ራሱ መታየት ይጀምራል፤ ከኋላ ፀሐይ፣ ከዳር ጥቁር ጥድ ካለ ያ ትንፋሽ እንደ ጭስ አብርቶ በሁለት ፊቶች መካከል ይንሳፈፋል። ይህን ማንም ፎቶ አንሺ በፖዝ ሊያመጣው አይችልም። የብርዱ ልክ ካለፈ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አፍንጫ ይቀላል፣ ዓይን ያነባል፣ ኩሉ ይወርዳል፣ ትከሻ ይሸማቀቃል፣ ሰው ስለ እጮኛው ማሰብ ትቶ ስለ መኪናው ማሞቂያ ማሰብ ይጀምራል። ይህም የሚሆነው በሙቀቱ መጠን ብቻ ሳይሆን በነፋሱም ነው፤ 6 ዲግሪ ሆኖ ጸጥ ያለ ቀን፣ 12 ዲግሪ ሆኖ ነፋስ ከሚያፏጭበት ቀን ይሻለኛል።

ብርድ በጣት ላይ የሚሠራውን ሥራ የተማርኩት ባለፈው ዓመት ነው። ሰውነት ሙቀቱን ለውስጠኛው ክፍል ለመቆጠብ የቆዳውን የደም ሥሮች ስለሚያጠብ ጣቶች በብርድ ይቀጥናሉ፤ በሙቀት ወር ተለክቶ የተገዛ ቀለበት በብርድ ወር ይላላል። ቅጠላቸው የረገፈ ረጃጅም ዛፎች ሥር ነበርን፤ መሬቱ በእርጥብ ቅጠል ተሸፍኗል። ቀለበቱን በቅርቡ ለማንሣት ሌንስ እየቀየርኩ ሳለ ልጅቷ ጠጉሯን ለማስተካከል እጇን ወረወር አደረገች።

«ወየው! ቀለበቴ!»

«ማንም ከቆመበት እንዳይነቃነቅ!» አልኩ፤ ድምፄ ከፎቶ አንሺ ይልቅ የፖሊስ ድምፅ ሆኖ ወጣ።

እሱ ካፖርቱን ሰብስቦ ጉልበቱ ላይ ወደቀና ቅጠሉን አንድ በአንድ እያነሣ መፈለግ ጀመረ። እሷ መጀመሪያ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ቆይታ፣ «ሁለተኛ ጊዜ ተንበረከክህልኝ» ስትለው ሁላችንም ሳቅ አመለጠን። ረዳቴ አንድ ብልሃት አመጣ፤ የስልኩን መብራት ከላይ ወደ ታች ከማብራት ይልቅ ስልኩን መሬት ላይ አስተኝቶ ብርሃኑን አግድም ሰደደው። ስለ ዝቅተኛ ፀሐይ ሁልጊዜ የምሰብከው እኔ፣ ይህ ለምን እንዳልታየኝ አላውቅም። ቅጠሎቹ ሁሉ ጥላቸውን ወደ አንድ ወገን ዘረጉ፤ ከመካከላቸው አንዲት ነጥብ ብልጭ አለች። ፍለጋው ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ ከ40 ደቂቃው ወርቃማ ብርሃን ላይ ሩብ ሰዓት ማለት ቀላል አይደለም። አሁን ቀለበት የማነሣው መጀመሪያ ላይ፣ እጅ ገና ከመኪናው ሙቀት ሳይለይ፣ ያውም ቁጭ ብለው ጭናቸው ላይ ጨርቅ ዘርግተው ነው። እዚያው ላይ የተማርኩትን ሌላ ነገር ልጨምር፤ ትንሽ ነገርን በቅርብ በሚያነሣው ማክሮ ሌንስ ሲቀርቡ የብርድ ቆዳ ምንም አይደብቅም፣ ስለዚህ እጃቸውን ቅባት ቀብተው እንዲመጡ ከአንድ ቀን በፊት አስታውሳቸዋለሁ።

ስለ ልብስ የምለው አጭር ነው። ሱፍ፣ ሹራብ፣ ወፍራም ካፖርት ዝቅ ባለ ብርሃን ሸካራነታቸው ስለሚወጣ ያምራሉ፤ ከውስጥ ስስ የሙቀት ልብስ ቢደረብ ማንም አያይም። ቀሚስ የግድ ነው የምትል ካለች አልከራከርም፤ ካፖርቷን ረዳቴ በክንዱ ይዞ ከፎቶው ዳር ይቆማል፣ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ እናነሣለን፣ ከዚያ መልሳ ትደርባለች። የብረት ዱቄቱ ከአየር ጋር ሲገናኝ የሚሞቀውን ትንሽ የእጅ ማሞቂያ ከረጢት በየኪሳቸው እንዲይዙም አደርጋለሁ። ለዘብ ባለ ብርድ ካሜራው ብዙ አይቸገርም። ባትሪ ጥቂት ቶሎ ይደክማል፣ ትርፉን ደረት ኪስ ውስጥ መያዝ ይበቃል። የሚያስቸግረው ከብርዱ ወደ ሞቀ ቤት ሲገቡ ነው፤ ሌንሱ ላብ ያወጣል፣ ያን ጊዜ መወልወል ትርፉ ማዥጎርጎር ስለሆነ ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ዘግቶ እስኪሞቅ መታገሥ ያስፈልጋል።

ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ብዙዎች ዕቃቸውን ይሰበስባሉ። እኔ ግን በዚያ ሰዓት መቆየት እወዳለሁ። ፀሐይዋ ከአድማስ በታች 6 ዲግሪ እስክትደርስ ድረስ ያለው ድንግዝግዝታ በዚህ ወቅት ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል፤ ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል፣ የመንገድ መብራቶች ይበራሉ፣ ለጥቂት ደቂቃም የመብራቱና የሰማዩ ድምቀት እኩል ለእኩል ይሆናሉ። በሙቀቱ ወራት ይህ ሰዓት እስኪመጣ መሽቶ ሰው ይደክመዋል፣ ይርበዋል፤ በብርዱ ግን ገና ማታው ሳይጀምር ይደርስልናል። የቀኑ ማጠር ካተረፈልኝ ነገር ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

ቀለበታቸው የወደቀባቸውም ልጆች የመጨረሻ ፎቷቸው የተነሣው በዚያ ሰዓት ነው። ሥራው አልቆ ወደ መኪናው እየሄዱ ነበር፤ ረዳቴ ሪፍሌክተሩን አጥፎታል። ልጅቷ «ከእንግዲህ አይወድቅም» ብላ ባለቀለበቱን እጇን በእሱ ካፖርት ኪስ ውስጥ ከተተች፤ እሱም እጁን አስከትሎ ከተተ። ከኋላቸው ሆኜ በ85 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት (አይኤስኦውን) 3200 አድርጌ፣ የሻተሩን ፍጥነት ወደ 1/60 ሰኮንድ አውርጄ አንዴ ብቻ ተኮስኩ። ፎቶው እህል የተነሰነሰበት ይመስል ነጠብጣብ ይበዛዋል፣ የእሱም እግር ጥቂት ደብዝዟል። ቀለበቱ ጥርት ብሎ የሚታይባቸውን 40 ያህል ፎቶዎች አስተካክዬ ስልክላቸው ይህንንም ለማስታወሻ ያህል መጨረሻ ላይ ጨመርኩት። ከሳምንት በኋላ በትልቁ ታትሞ ግድግዳቸው ላይ እንዲሰቀል የመረጡት እሱን ሆነ። ለሕትመት ሳዘጋጀው እጄ እንደ ልማዱ ኮምፒውተሩ ላይ ወዳለው የብርሃን ማስተካከያ ሄደ፤ ጥላውን ከፍ አድርጌ፣ ነጠብጣቡን አለስልሼ፣ ሰማያዊውን ሞቅ አድርጌ ናሙና ላክሁላት። መልሷ ወዲያው መጣ፤ «ወንድሜ፣ እባክህ አታብራው። እንደ መሸና እንደ በረደን ይታወቅ።» የመጀመሪያውን ሳልነካው ለሕትመት ላክሁት።